አንበሳ ወይስ ሰው

ደምበጫ አዳራሽ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣
ዝናሙ በቆርቆሮ ጆሯችንን ሲበላ፣
ሦስት እንግዶች መጡ ከምክር ቤት ተልከው፣
ረቂቅ አዋጁን በላስቲክ ጠቅልለው።

«ስለ መታሰቢያ ሳንቲም» ይላል አርእስቱ፤
የተምጫ ወጣቶች የገመድ ማህበር ሃምሳ ዓመት መሙላቱ
በብር እንዲቀረጽ፣ በነሐስ እንዲታተም፤
ሃያ ሺህ ፍሬ ብቻ፣ ከዚያ በላይ የለም።

እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ከጡረታም ወዲህ ሥራዬ መስማት ነው፤
የሰው ቃል እጽፋለሁ፤ የኔን የሚጽፍ ማነው?

አንቀጽ ሦስት፦ ክብደት፣ ስፋት፣ የጠርዙ ጥርስ ተነበበ፤
አንቀጽ አምስት፦ ከየሽያጩ አሥር ብር ለጀልባ መግዣ።
አዳራሹ አጨበጨበ።
እኔም «ጭብጨባ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀለሜ ግን ነጠበ።

አንቀጽ አራት ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሣ፤
«በአንድ ፊቱ ችቦ፣ በአንድ ፊቱ አንበሳ»
ይላል ረቂቁ።
አቶ ልየው፣ «ችቦው ይቅር፣ ድልድዩ ይውጣ» አሉ፤
መምህር ጓንጉል፣ «ተምጫ ይሣል፣ ከነደራሹ ሙሉ።»
ሊቀ መንበራችን የራሱን ፎቶ በኪሱ ከቶ
ነበር የመጣው፤ አላወጣውም ግን፤ ሳለ፣ ቆይቶ ቆይቶ።

ከኋላ ወንበር ላይ ትዋብ እጇን አነሣች፤
ነጠላዋን ሰብስባ፣ ቆማ እንዲህ አለች፦
«የወንድሜ የአንማው ፎቶ የለንም፤ አልተነሣም።
ፊቱን ከየት ታመጡታላችሁ? ውሃ መልክ አይመልስም።
አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ ሕግ ከሆነ መቼም፣
ሳንቲም ሁለት ፊት አለው፤ የቱ ነው የሚቀድም?»

ብዕሬ ቆመ።

ሐምሌ ነው። ተምጫ ዛፍ ነቅሎ ይወርዳል፤
ማዶ አንዲት ምጥ የያዛት፤ ባሏ ጋቢ ያውለበልባል፤
ገመድ ይዞ የሚዋኝ አንድ ሰው ይፈለጋል።
«እኔ» አለ አንማው። «እኔ» አልሁ። እኔም ደፋር ነበርሁ፣
አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ገና ውሃ አልፈራሁ፤
ስሙኒዋ ተወርውራ እስክትነሣ ወደ ሰማይ።
«አንበሳ ያንተ፣ ሰው የኔ፤ የወጣለት ይግባ፤ እስቲ እንይ!»
በመዳፌ ቀለብኋት። በጣቴ ስንጥቅ አየሁ፤
ጎፈሩ ነበር የላይኛው።
«ሰው» አልሁ።

ሳቀ። ገመዱን በወገቡ አዞረ። ሸሚዙን አስያዘኝ።
ገመዱ ማዶ ደረሰ፤ ምጧም በሰላም ተሻገረች፤
እሱን ሲመለስ አንዲት ግንድ አገኘችው፤ ይዛው ሄደች።

ማህበሩ ስም ያወጣው ከዚያች ቀን በኋላ ነው።
በየሐምሌው ስንሰበሰብ ንግግሩን የምጽፈው
እኔ ነኝ። «ዕጣ ደረሰው» እላለሁ፤
ሲያጨበጭቡ፣ ውሃ ጠጥቼ እቀመጣለሁ።

«ጸሐፊ፣ ጥያቄው ተያዘ?» አሉ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ጠርገው፤
ትዋብ አልተቀመጠችም። ዝናሙም አባራ፤ ዝም አለ ቆርቆሮው።

ልብስ በቀየርሁ ቁጥር ከኪስ ኪስ የዞረች፣
ጎፈሯ ተፍቆ ሊጠፋ ጥቂት ብቻ የቀረች፣
አወጣኋት። ከወረቀቱ ጠርዝ አኖርኋት፣ በአንበሳዋ በኩል፤
ከተራ ቁጥር ዘጠኝ ሥርም፣ በማይሰረዝ ቀለም፣ በጉልህ ፊደል፦

ጥያቄ፣ ከወይዘሮ ትዋብ፦ የላዩ ፊት የቱ ነው?
መልስ፦ አንበሳው ነበር። ያየው ጸሐፊው ብቻ ነው።
አባሪ፦ አንድ ስሙኒ።

«በሉ፣ ይነበብ» አሉ።